ሜሮፔነም የማይነካው የውሃ ጀርም

2015 ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሜሪካ ለዊስኮንሲን ግዛት ጤና ቢሮ ለየት ያለ ሪፖርት ይደርሰው ጀመር። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ኤሊዛቤትኪንጊያ በሚባል ባክቴሪያ ሳይያዙ አልቀሩም የተባሉ የስድስት ሰዎች ወሬ መጣ። ስድስት ሰው ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ይሄ ጀርም በአንድ የአሜሪካ ግዛት ውስጥ በዓመት ከአምስት እስከ አሥር ሰው ላይ ቢገኝ ነው። የዓመቱ ሪፖርት በአንድ ሳምንት ገባ ማለት ነው።

ቆጠራው ሲቀጥል በዊስኮንሲን ብቻ 63 ሰዎች መያዛቸው ተረጋገጠ። ከእነዚህ ውስጥ 18ቱ ሞቱ። በጎረቤት ግዛቶች በኢሊኖይና በሚሺጋንም ያው ዝርያ አንድ አንድ ሰው ላይ ተገኝቶ ሁለቱም አልተረፉም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ቀድሞውኑም ሌላ ከባድ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ የተነሳ የጤና ባለሥልጣናቱ እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ጀርሙ ይሁን ወይስ የቆየው ሕመማቸው ለይተው መናገር አልቻሉም። የዚህ ዓይነት ጀርም ነገር አንዱ ውስብስብነት ይሄው ነው። የሚመጣው ሰውዬው አስቀድሞ በደከመበት ሰዓት ነው።

ጀርሙ ግን አዲስ አልነበረም። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊቷ የባክቴሪያ ተመራማሪ ከኤሊዛቤት ኪንግ ነው። ኪንግ አትላንታ በሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ በሚባለው፣ ይሠሩ ነበር። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ለመለየት የተቸገሩባቸውን ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ እየመረመሩ ቦታ ማስያዝ ዋና ሥራቸው ነበር። 1959 ላይ በሕፃናት ላይ ማጅራት ገትር የሚያመጣ አንድ ባክቴሪያ ገልጸው ጻፉ። እሳቸው በ1966 አረፉ። ጀርሙ ሁለት ጊዜ ስሙ ተቀያይሮ በ2005 በእሳቸው ስም ተጠራ። ሌላ ኪንጌላ የሚባል ባክቴሪያም በስማቸው አለ። ለጀርም ስም መስጠት ክብር ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

በ2011 ደግሞ ዘሯ ከጋምቢያ ከመጣ የወባ ትንኝ አንጀት ሌላ ዝርያ ተለየ። በትንኟ ስም ኤሊዛቤትኪንጊያ አኖፊሊስ ተባለ። የዊስኮንሲኑ ይሄኛው ነው። ይሄን የሚሰማ ሰው ወዲያው «ታዲያ ትንኝ ነች የምታስተላልፈው?» ማለቱ አይቀርም። ትንኝ ወደ ሰው እንደምታስተላልፈው የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ደግሞስ በዊስኮንሲን በረዶ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የምን ትንኝ? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጨቅላ ሕፃናት በዚሁ ጀርም ሲያዙ የዘረመል ምርመራው ቢያንስ በአንዱ ላይ ጀርሙ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ነው ያሳየው።

ጀርሙ በተፈጥሮው የሚኖረው በውሃና በአፈር ውስጥ ነው። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ ውስጥም መቆየት ይችላል። ጤነኛ ሰው ቢነካው ወይም ቢጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አደጋው ለሌሎች ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በማሽን የሚተነፍስ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ። የእነዚህ ሰዎች መከላከያ ደክሟል። ብዙዎቹ ደግሞ አንገታቸው ወይም ደረታቸው ላይ እስከ ትልቁ የደም ሥር የሚዘልቅ ቱቦ አላቸው። ለጀርም የመግቢያ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ጀርም ደም ውስጥ ገባ ሲባል በራሱ የመጨረሻው ነገር አይደለም። ጥርሳችንን ስንፋቅ እንኳ ጥቂት ባክቴሪያ ደማችን ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ሰውነት ወዲያው ያጠፋዋል። ክፉው ሰውነት ማጥፋት ሲያቅተው ነው። ያኔ ትኩሳት ይመጣል፣ ወይም በአረጋውያንና በሕፃናት ላይ እንደሚታየው ሰውነት ይቀዘቅዛል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊት ሽንት ማምረት ያቆማል፣ ታማሚው ይቀባዥራል። ሴፕሲስ የሚባለው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ሰዓት ይቆጠራል።

እንግዲህ ዋናው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አሁኑኑ መጀመር አለበት። የትኛው ጀርም እንደሆነ ግን ገና አያውቅም። ላቦራቶሪው ስሙን እስኪነግረው አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ይገምታል። መብራት ሲጠፋብን መጀመሪያ በመስኮት የጎረቤትን ቤት እናያለን፣ ቀጥሎ ቆጣሪውን፤ ግድግዳ ሰርስሮ ሽቦ የሚመረምር የለም። ሐኪሙም እንደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሆኑትን ጀርሞች ያስብና እነሱን የሚመታ መድኃኒት ይጀምራል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል።

ሐኪሞች ለደም ኢንፌክሽን መጀመሪያ ከሚያነሷቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አምፒሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን፣ ከዚያም ነገሩ ሲከብድ ሜሮፔነም። ስማቸውና ዋጋቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም መሃላቸው ላይ ቤታ ላክታም የምትባል አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች። መድኃኒቱ የሚሠራው በእሷ ነው። ቀለበቷ ከተሰበረች ግሉኮስ የሰጡት ያህል ነው።

ኤሊዛቤትኪንጊያ ይህቺን ቀለበት የሚቆርጡ ሦስት ኢንዛይሞች አሉት። ሁለቱ ዚንክ ተጠቅመው የሚቆርጡ ናቸው። ሜሮፔነምን ሳይቀር ይበጣጥሱታል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ በገዛ ክሮሞዞሙ ይዞ የሚገኝ ባክቴሪያ እጅግ ብርቅ ነው። ኮሊስቲን፣ ያ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚመዘዘው መድኃኒት፣ አይነካውም። ጄንታማይሲንም ብዙ ጊዜ አይሠራበትም። ሐኪሙ ከቀላል ወደ ከባድ የሚወጣበት መሰላል እንዳለ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። መድኃኒት የተላመደ ጀርም ሲባል ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው መድኃኒት ጀምሮ ባቋረጠ ሰው ላይ ነው። ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን በሚሸጥ ፋርማሲ ላይ። ይሄ ውሸት አይደለም። ለብዙዎቹ ጀርሞች እውነት ነው። ለምሳሌ ኤንዲኤም የሚባል ሜሮፔነምን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። በ2008 ነው የተገኘው፣ ሕንድ ሆስፒታል ተኝቶ ስዊድን በገባ ታማሚ ላይ። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ነው። አንዱ ለሌላው ያቀብለዋል። አንቲባዮቲክ በበዛበት ቦታ ደግሞ የተቀበለው ያሸንፋል፣ ይስፋፋል።

ኤሊዛቤትኪንጊያ ግን ከማንም አልተቀበለም። መከላከያው ከዝርያው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። ፔኒሲሊን ፋብሪካ ከመግባቱ በፊትም እንዲሁ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። አፈርና ውሃ ውስጥ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ከጥንት ጀምሮ አንዱ ሌላውን በኬሚካል ሲዋጉ ኖረዋል፤ የእኛም ብዙ አንቲባዮቲኮች የመጡት ከዚያው ነው። ስለዚህ የታመመችውን እናት «ምን ዓይነት መድኃኒት ስታቋርጪ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። የእኛ የሰዎች ድርሻ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ ታማሚ ለሳምንታት ሜሮፔነም ሲወስድ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ሜዳው ለማይሞተው ይቀራል። ኤሊዛቤትኪንጊያና መሰሎቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ጠንካራ አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ታማሚዎች ላይ መሆኑ ለዚህ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ሜሮፔነም የማይነካው ይሄ ጀርም አንዳንዴ በኮትሪሞክሳዞል ይሞታል። አዎ፣ በዚያ በድሮው፣ በርካሹ፣ በየጤና ጣቢያው በሚገኘው ክኒን። በዊስኮንሲን የተገኘው ዝርያ ለኮትሪሞክሳዞል፣ ለሪፋምፒን (ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው ነው) እና ሌቮፍሎክሳሲንን ለመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚበገር ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ ቦታ የተገኘ ዝርያ ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ሊቋቋም ይችላል። ሚኖሳይክሊን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለሁሉም የሚሆን አንድ የታወቀ መድኃኒት የለም። ዝርያው በላቦራቶሪ ተፈትኖ ነው የሚታወቀው። መዳኛው ከሜሮፔነም በላይ ባለ ውድ መድኃኒት ሳይሆን ከእሱ ጎን በተረሳ ርካሽ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ግን ስሙን ሳያውቁ ማን ይገምተዋል?

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ላቦራቶሪ ላይ ያርፋል። ካልቸር የምንለው ምርመራ እንዲህ ነው። ቆዳው በደንብ ተጠርጎ ደም ይቀዳል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ እስከ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የተለያየ ቦታ። ሁለት ቦታ የሚወሰደው ቆዳ ላይ ያለ ጀርም አብሮ ገብቶ እንዳያሳስት ነው። ጠርሙሶቹ ውስጥ ለባክቴሪያ የሚመች ምግብ አለ። ባክቴሪያ ካለ ይራባል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ማሽኑ ጋዙን ያውቅና ይጮኻል። ከዚያ ማንነቱ ይለያል፣ ከዚያም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ይፈተናል። ደሙ መቀዳት ያለበት አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተጀመረ በኋላ የተቀዳ ደም ምንም ላያሳይ ይችላል። ባክቴሪያው ሳይሞት በመድኃኒቱ ተዳክሞ ጠርሙሱ ውስጥ ማደግ ብቻ ሊያቅተው ይችላላ።

ላቦራቶሪም ይሳሳታል። የብዙ ማሽኖች መዝገብ ለዓመታት አኖፊሊስ የሚባለውን ዝርያ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሲያገኘው ኤሊዛቤት ኪንግ የገለጹት የድሮው ዝርያ ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። ብዙ ሆስፒታሎች በዚህ የተነሳ ሌላ ስም መዝግበዋል። ሲንጋፖርም ይሄው ደርሶባታል።

የሲንጋፖሩን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም ለእኛም ቤት ቅርብ ነው። በ2012 በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ ታማሚዎች በኤሊዛቤትኪንጊያ ተያዙ። ባለሙያዎቹ ክፍሉን ሲፈትሹ ጀርሙ የተገኘው እጅ መታጠቢያዎቹ ላይ ነው። በተለይ የቧንቧው አፍ ላይ በምትጠለቀው ትንሽ ወንፊት ላይ። እዚያ የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሽፋን ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ክሎሪን በቀላሉ አያገኘውም። ሐኪሙና ነርሷ እጃቸውን ለማጽዳት በታጠቡ ቁጥር ጀርሙን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። እጅ ታጠቡ እየተባለ የሚለፈፍበት ቦንቧ ራሱ ጀርም ሲያቀርብ አስቡት።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ሠራተኞች የታማሚ ፈሳሽ የሚደፉት እዚያው እጅ መታጠቢያ ላይ ነበር። እቃም ያጥቡበት ነበር። ወንፊቶቹና መታጠቢያዎቹ ጸዱ፣ ሠራተኛውም ተነገረው፣ ወረርሽኙም ቆመ። ግን ለጊዜው ነው የቆመው፤ ኋላ ተመልሶ መጣ። በኋላ ዘረመላቸው ሲነበብ እዚያ የተገኙት ዝርያዎች አኖፊሊስ ሆነው ተገኙ።

ዊስኮንሲን ላይ ግን እንዲህ ያለ መልስ አልተገኘም። መርማሪዎቹ ያልፈተሹት የለም ማለት ይቻላል። ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የቆዳ ቅባት፣ የሕክምና እቃ። ታማሚዎቹ በ12 የተለያዩ አውራጃዎች ተበትነው ነው የተገኙት። ሁሉም አንድ ሆስፒታል አልተኙም። የሁሉም ጀርም ግን የአንድ እናት ልጅ ያህል ተመሳሳይ ነበር። ምንጩ አንድ ነው ማለት ነው። ያ አንድ ምንጭ እስከ መጨረሻው ሳይታወቅ ወረርሽኙ በ2016 በራሱ ጊዜ ቆመ።

በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን አንድ ደስ የማይል ነገር አሳየ። የዚህ ዝርያ የዘረመል ስህተት ማረሚያ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ ተበላሽቷል። ከውጭ የመጣ የዘረመል ቁራጭ መሃሉ ገብቶ ነው ያበላሸው። ማረሚያው ስለተበላሸ ጀርሙ ከተለመደው በላይ በፍጥነት ይለዋወጣል። ተመራማሪዎቹ ለውጦቹን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ዝርያው የመጀመሪያው ታማሚ ከመታወቁ አንድ ዓመት ገደማ በፊት መከፋፈል ጀምሮ ነበር። የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ሲራባ ከርሟል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ዋናው ራስ ምታት ኤሊዛቤትኪንጊያ አይደለም። ክሌብሲዬላና አሲኔቶባክተር የሚባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተሳተፈበት፣ ሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮችን ያቀፈ ባርናርድስ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ውጤቱ በ2021 ታትሟል። የጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ከሚያመጡት ቀዳሚው ክሌብሲዬላ ሆኖ ተገኘ። ከተገኙት ጀርሞች እጅግ የሚበዙት ለአምፒሲሊን አይበገሩም። ጄንታማይሲንን የሚቋቋሙትም ብዙ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ለጨቅላ ሕፃን መጀመሪያ እንዲሰጡ የሚመከሩት መድኃኒቶች ናቸው። ጀርሙ ሌላ ነው፣ ጣጣው ግን ያው ነው። የመጀመሪያው ግምት ይስታል፣ ግምቱን የሚያርመው ካልቸር ብቻ ነው፣ ካልቸር ደግሞ በየወረዳው ሆስፒታል የለም። ስለ አዳዲስ መድኃኒት እጥረት ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። በእኔ አስተያየት ከዚያ በፊት የሚቀድመው የላቦራቶሪው ነገር ነው። ስሙን ለማታውቀው ጀርም አዲስ መድኃኒት ቢመጣ ያው በግምት ነው የምትሰጠው።

አስታማሚስ ምን ያድርግ? በእኛ አገር አስታማሚ ግማሽ ነርስ ነው። ያበላል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል። ስለዚህ የሲንጋፖሩ ነገር በቀጥታ ይመለከተዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው እጅ መታጠቢያ እጅ ብቻ የሚታጠቡበት ይሁን። የምሳ ሳህን፣ የሻይ ትራፊ፣ የሽንት እቃ እጥበት ሌላ ቦታ ይሂድ። የት እንደሆነ ካላወቃችሁ ነርሷን ጠይቁ። ሕፃን የሚነካ ሰው ከታጠበ በኋላ እጁን ያድርቅ፣ አልኮልም ይቀባ። ቱቦ የገባበትን ቦታ እጅ አይንካው፣ ፋሻው ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ወዲያው ተናገሩ።

ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። «ካልቸር ተልኳል? ከመድኃኒቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። ከውዱ ወደ ርካሹ ሲቀየር «ልጄን ናቁት» ብሎ መቆጣት አያስፈልግም። ስለ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን ያነበበ ሰው ይሄ ይገባዋል።

የቱቦውን ነገር በተመለከተ በደንብ የተፈተሸ መረጃ አለ። በሚሺጋን ግዛት ከመቶ በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቻቸው ያስጀመሩት ሥራ ነው። ውጤቱ በ2006 ታትሟል። ያደረጉት አምስት ነገር ነው። እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ ታማሚውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ጓንትና ጋውን መልበስ፣ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ መጥረግ፣ በተቻለ መጠን የጭኑን ሥር አለመጠቀም፣ የማያስፈልግ ቱቦን ማውጣት። አዲስ መድኃኒት የለበትም፣ ውድ ማሽን የለበትም። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ በቱቦ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀነሰ።

ከአምስቱ አራቱ የባለሙያው ሥራ ናቸው። አምስተኛውን ግን አስታማሚም ሊያነሳው ይችላል። ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ «ዶክተር፣ ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካሉ ምክንያቱን ይነግሯችኋል። አንዳንዴ ግን በሥራ ብዛት ማንም ሳያስታውሰው የቆየ ቱቦ ሆኖ ያንኑ ቀን ይወጣል።